ሕያው አካልን የሚሰፋ ብረት፦ የቀዶ ሕክምና ስቴፕለርና የኅብረ ሕዋስ ደኅንነት



ስቴፕለር ሲባል ለብዙዎቻችን የምትታወሰን በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለችው የወረቀት ማያያዣ ናት። የቀዶ ሕክምናው ስቴፕለርም በመልኩ ባይሆን በሐሳቡ የእርሷ ዘመድ ነው። ሁለት እግር ያለውን ሽቦ ገፍቶ በሚያያዘው ነገር ውስጥ ያሳልፋል፤ በወዲያኛው ወገን ከተቀመጠ መስፍ ጋር አጋጭቶም እግሮቹን ያጥፋቸዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሚያያዘው ነገር ነው። ወረቀት አይደማም፤ አያብጥም፤ ውሃ አይቋጥርም፤ ከተያያዘ በኋላም በሕይወት እንዲቆይ አይጠበቅም። አንጀት፣ ጨጓራና ሳንባ ግን ከተሰፉ በኋላ ደም ማግኘት፣ መዳንና ሥራቸውን መቀጠል አለባቸው። ስለዚህ ዛሬ ከብረቱ ይልቅ ስለ ሥጋው አብዝቼ እናገራለሁ።

ርእሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ባለፉት ዓመታት ለመመረቂያ ሥራ ከሚቀርቡልኝ ሐሳቦች መካከል «ርካሽ የቀዶ ሕክምና ስቴፕለር በአገር ውስጥ መሥራት» የሚለው ተደጋግሞ ይመጣል። የተማሪዎቹን ቅን ፍላጎት አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ የሚጀምረው ከመጨረሻው ጫፍ ነው የሚል እምነት አለኝ። እንደዚያ የማምንበትን ምክንያት ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው ታሪክ የሚጀምረው በ1908 በቡዳፔስት ነው። የሃንጋሪው ሐኪም ሁመር ሑልትል ጨጓራ በሚቆረጥበት ጊዜ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ እየፈሰሰ ሕሙማንን ይገድል ስለ ነበር፣ ከመቁረጥ በፊት መዝጋትን አሰቡ። የሕክምና መሣሪያ ሠሪው ቪክቶር ፊሸርም አሳቡን ወደ ብረት ለወጡት። መሣሪያው ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ገጣጥሞ ለሥራ ለማዘጋጀትም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅ እንደ ነበር ይነገራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ ለፈተና ቢቀርብልኝ ተማሪውን በክብደቱ ብቻ እጥለው ነበር። ነገር ግን በዚያ ከባድ ብረት ውስጥ የነበሩት አራት አሳቦች እስካሁን አልተለወጡም። ኅብረ ሕዋሱ አስቀድሞ ይታመቃል፤ የሚሰፋው በብረት ሽቦ ነው፤ ሽቦው ሲታጠፍ የላቲኑን «ቢ» ፊደል ቅርጽ ይይዛል፤ ረድፎቹም አንዱ የሌላውን ክፍተት እንዲሸፍን ተዛንፈው ይደረደራሉ።

ከእነዚህ አራቱ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ «ቢ» ቅርጹ ነው። ሽቦው ክብ ሆኖ ቢዘጋ ወይም እንደ ቢሮው ስቴፕለር እግሮቹ ተጋድመው ቢጨፈለቁ፣ በመካከሉ ያለው ሥጋ ሁሉ በአንድነት ይታነቅ ነበር። በ«ቢ» ቅርጽ ግን እያንዳንዱ እግር ለብቻው ወደ ውስጥ ይጠመለላል፤ በሁለቱ ቀለበቶች መካከልም ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚያልፉበት ቦታ ይተርፋል። ሽቦው ደምን በሚያቆምበት ቦታ ለደም መንገድ ይተዋል ማለት ነው። መላው የዚህ መሣሪያ ችግር በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ከሑልትል በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሌላው ሃንጋሪያዊ ሐኪም አላዳር ፔትስ ቀለል ያለ መሣሪያ ሠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሞስኮ የተቋቋመ የምርምር ተቋም ለደም ሥር፣ ለሳንባና ለአንጀት ልዩ ልዩ ስቴፕለሮችን አወጣ። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ራቪች በ1958 ሶቪየት ኅብረትን ሲጎበኙ ይህን አይተው አንዱን ይዘው ተመለሱ። የሶቪየቶቹ መሣሪያዎች በእጅ የተሠሩ ስለ ነበሩ የአንዱ ክፍል ለሌላው አይሆንም ነበር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጨመረው ትልቅ ነገር በፋብሪካ የተሞላና የሚለዋወጥ ካርትሪጅ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ወደ መላው ዓለም ተሰራጨ። ዛሬ አብዛኞቹ ስቴፕሎች ከቲታኒየም ይሠራሉ፤ ቲታኒየም ለአካል ተስማሚ ነው፤ ሕመምተኛው ወደ ኤምአርአይ ክፍል ሲገባም ማግኔቱ አይስበውም።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ።

የአንጀት ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ በአራት ንብርብር የተሠራ ነው። ስፌትን የሚሸከመው ግን ሁሉም አይደለም። ዊልያም ሃልስቴድ በ1887 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ክርን አጥብቆ የሚይዘው በኮላጅን የበለጸገው ሰብሙኮሳ የሚባለው ንብርብር ነው። ቀጭን ነው፤ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን እርሱን ያልያዘ ስፌት የሚይዘው ነገር የለም። ስቴፕሉም እንደ ክሩ በዚሁ ንብርብር ላይ ይመካል። መሐንዲስ ስለ ሸክም የሚሰላው ስሌት ሁሉ በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ የከበደ ነው። ኅብረ ሕዋስ ጠጣር ብቻ አይደለም፤ በኮላጅን መረብ ውስጥ የተያዘ ውሃም ነው። እንሰት በሚፋቅበት አካባቢ ያደጋችሁ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የተፋቀው እንሰት ሲጨመቅ ድንገት ቢጫኑት ውሃው መውጫ ያጣና እጅን መልሶ ይገፋል። ቀስ እያሉ ሲጫኑት ግን ፈሳሹ ይወርዳል፤ ቡላው ከሥር ይዘቅጣል፤ በእጅ ያለውም እየሳሳ ይሄዳል። አንጀትም እንደዚሁ ነው። በመንጋጋው መካከል ሲያዝ በመጀመሪያው ቅጽበት ወፍራምና እልኸኛ ነው። ግፊቱ ሳይጨመር ጊዜ ብቻ ሲሰጠው ፈሳሹ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ውፍረቱም ይቀንሳል። ይህን ጠባይ በእኛ ትምህርት ቪስኮኤላስቲክ እንለዋለን።

በተግባር ያለው ውጤት ቀላልና ትልቅ ነው። መንጋጋው ተዘግቶ ወዲያው ስቴፕሉ ቢተኮስ ሽቦው የሚታጠፈው በውሃ በተሞላ ሥጋ ላይ ነው። ውሃው በኋላ ሲወጣ ሥጋው ይሳሳል፤ ስቴፕሉ ግን በነበረበት ይቀራል፤ ስፌቱም ይላላል። ኃይል ጨምሮ ቶሎ ማሳሳት ደግሞ የውጩን ሽፋን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች መንጋጋውን ዘግቶ 15 ሰከንድ ያህል መጠበቅን ይመክራሉ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ 15 ሰከንድ ረጅም ነው። ሐኪሞቹ ፈገግ ስትሉ አያለሁ።

ስንት ግፊት ይበቃል? በዘርፉ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው መለኪያ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 8 ግራም ነው። ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። 8 ግራም በካሬ ሚሊሜትር ወደ 78 ኪሎፓስካል ይሆናል። በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ፣ ደሙ በሚገባበት ጫፍ፣ ያለው ግፊት ደግሞ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ማለትም 4 ኪሎፓስካል ነው። መንጋጋው በተዘጋ ጊዜ የሚጫነው ግፊት ከደሙ ግፊት 20 እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በእነዚያ ሰከንዶች በመንጋጋው ሥር ያለው ሥጋ ደም አያገኝም። መንጋጋው ይከፈታል፤ ይህ ጊዜያዊ ነው። ስቴፕሉ ግን አይከፈትም። እንግዲህ ጥያቄው መንጋጋው ከተነሳ በኋላ ስቴፕሉ በሥጋው ላይ የሚተወው ቋሚ ጭነት ምን ያህል ይሁን የሚል ነው። ሲበዛ ጠርዙ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይፈሳል። ሲያንስ ያኑ ቀን ይደማል ወይም ይፈሳል። ሁለቱም ፍሳሽ ይባላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ተቃራኒ ነው። በመዝገብ ላይ «የስፌት መፍሰስ» ተብሎ በአንድ ቃል ሲጻፍ መሐንዲሱ ሊማርበት የሚችለው ነገር ይጠፋል።

ያን ቋሚ ጭነት የሚወስነው ስቴፕሉ ሲዘጋ የሚቀረው ከፍታ ነው። አምራቾች ካርትሪጆቻቸውን በቀለም ለይተዋል። በተለመደው አከፋፈል ነጩ ሲዘጋ 1 ሚሊሜትር፣ ሰማያዊው 1.5 ሚሊሜትር፣ አረንጓዴው 2 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀለም ግን የጋራ ቋንቋ አይደለም። የአንዱ አምራች አረንጓዴ ከመዘጋቱ በፊት 4.8 ሚሊሜትር ቁመት ሲኖረው፣ የሌላው አረንጓዴ 4.1 ሚሊሜትር ነው። ወርቃማና ሐምራዊ ሲጨመሩበት ነገሩ የበለጠ ይደበላለቃል። በልዩ ልዩ ልገሳ የተሰበሰቡ ካርትሪጆች በአንድ መደርደሪያ ላይ ባሉበት ሆስፒታል ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ሥጋውስ ስንት ሚሊሜትር ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። በአንድ ሰው ጨጓራ ላይ እንኳ ወደ አንጀት የሚያስወጣው ታችኛው ክፍል ግድግዳ 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ የላይኛው ጉልላት ከ2 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስቴፕለሩ የሚይዘው ደግሞ ሁለት ግድግዳ በአንድ ላይ ነው። ስለዚህ የጨጓራን ቁመት ተከትሎ ለሚሰፋ ሐኪም ከታች የሚስማማው ካርትሪጅ ከላይ አይስማማውም። ምርጫውን የሚያደርገው በዓይኑና በልምዱ ነው። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ጣቶቹ ይረዱት ነበር፤ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ሲሠራ ግን ጣት የለም።

እንግዲህ የንድፉን ታሪክ በዚህ ዓይን ስናየው የምናገኘው አንድ ያልተፈታ ነገር ነው። መሣሪያው የሚይዘውን ነገር አያውቀውም። የማያውቀውንም በቀለም ከፋፍሎ ለሐኪሙ ያስረክበዋል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ አንዳንዶቹ መፍትሔዎች በእውነት የሚያምሩ ናቸውና።

ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው መንጋጋውን ነው። ረጅሙ ቀጥተኛ ስቴፕለር በአንድ ጫፉ የተያዘ ተሸካሚ ነው። በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ርዝመት ላይ እኩል ጭነት ሲያርፍበት ጫፉ የሚጎብጠው በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ልክ ነው። 30 ሚሊሜትር የነበረውን መንጋጋ በዚያው ውፍረት 60 ሚሊሜትር ብናደርገው ጫፉ 16 እጥፍ ይጎብጣል። ጭነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ 60 በ10 ሚሊሜትር በሆነ ስፋት ላይ 8 ግራም በካሬ ሚሊሜትር ሲያርፍ 4.8 ኪሎ ይሆናል። በትንሽ ቀዳዳ የሚገባ መንጋጋ እንዲህ ያለውን ጭነት ሳይጎብጥ እንዲሸከም ማወፈር አይቻልም። ከመገጣጠሚያው አጠገብ በጥብቅ የተሰፋ፣ ከጫፉ ዘንድ የላላ ስፌት ይወጣ ነበር።

መፍትሔው ቢላውን የተሸከመው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከጎኑ ሲታይ እንደ ሕንፃ ብረት ከላይና ከታች ክንፍ አለው። የላይኛው ክንፍ በመስፉ ውስጥ ባለ ቦይ፣ የታችኛው በካርትሪጁ ተሸካሚ ሥር ይሄዳል። ወደ ፊት ሲገፋ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ሁለቱን መንጋጋዎች አቅርቦ ይይዛቸዋል። ስለዚህ መላው መንጋጋ ግትር መሆን አያስፈልገውም፤ ስቴፕሉ በሚታጠፍበት በዚያች ነጥብ ላይ፣ በዚያች ቅጽበት ብቻ ክፍተቱ ትክክል ከሆነ ይበቃል። ከቢላው ፊት ደግሞ ትንሽ ሽብልቅ እየሄደች ስቴፕሎቹን ወደ ላይ ትገፋቸዋለች። ስለዚህ ሥጋው አስቀድሞ ይሰፋል፤ ቀጥሎ ይቆረጣል። ቅደም ተከተሉ በሐኪሙ ጥንቃቄ ሳይሆን በብረቱ ቅርጽ የተረጋገጠ ነው። ጥሩ ንድፍ ሲባል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው።

ሌላው ምሳሌ ባዶ ካርትሪጅን የሚከለክለው መቆለፊያ ነው። ካርትሪጁ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ሳይለወጥ በድጋሚ ቢተኮስ ቢላው ይቆርጣል፤ የሚሰፋ ስቴፕል ግን የለም። ትልቅ የደም ሥር ላይ ቢሆን ምን እንደሚከተል አስቡት። ስለዚህ ያለቀ ካርትሪጅ ሲገኝ ቢላው ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚያግድ ትንሽ የብረት ምላስ ይደረጋል። ይህን ያነሳሁት ለአንድ ተጨማሪ ጉዳይ ነው። ከሚቀርቡልኝ ሐሳቦች አንዱ ያለቀውን ካርትሪጅ በስቴፕል እንደገና መሙላት ነው። በወረቀት ላይ ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ የሞላችሁትን ካርትሪጅ ለማስተኮስ ያንን መቆለፊያ ማታለል አለባችሁ፤ ቢላው አንድ ጊዜ ቆርጦ ደንዝዟል፤ በጠባቦቹ ቦዮች ውስጥ የቀረውን የሰው ፕሮቲን ማጽዳትም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይህን ሐሳብ አልቀበልም። እጀታው ለተወሰነ ጊዜ ተደጋግሞ እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው።

በ2010 ገደማ አንድ አምራች በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ ሦስት ቁመት ያላቸውን ስቴፕሎች አቀረበ። ለቢላው ቅርብ የሆነው ረድፍ አጭር፣ ከእርሱ የሚርቁት እየረዘሙ ይሄዳሉ፤ ለምሳሌ 3፣ 3.5 እና 4 ሚሊሜትር። አሳቡ ግፊቱ ከጠርዙ ወደ ውጭ እየቀለለ እንዲሄድና ደም ወደ ስፌቱ የሚደርስበት መንገድ እንዲኖር ነው። ከመካኒክስ አንጻር ያሳምነኛል። የክሊኒክ ንጽጽሮችን ስታነቡ ግን የጥናቱን ገንዘብ ማን እንደ ከፈለ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

በሞተር የሚሠሩት አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ቢላውን የሚገፋውን ኃይል እየለኩ፣ ሥጋው ሲወፍር ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ ወይም ቆመው ይጠብቃሉ። እነሆ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ መሣሪያው የያዘውን ነገር መጠየቅ ጀመረ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሚለካው ተቃውሞን ነው። ተቃውሞ ደግሞ ከውፍረት፣ ከጠባሳ፣ ከቢላው ስለት፣ በስሕተት ከተያዘ ብረትም ሊመጣ ይችላል። ሥጋው ደም ያገኛል ወይ የሚለውን ገና አይለካም።

እነዚህ ሁሉ ጥበቃዎች እያሉ ምን ይሆናል? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2019 ለሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤ፣ ከጥር 2011 እስከ መጋቢት 2018 ድረስ በውስጥ አካል ላይ ስለሚሠሩ ስቴፕለሮችና ስቴፕሎች ከ41,000 በላይ ሪፖርቶች እንደ ደረሱት ገለጸ። ከእነዚህ መካከል 366 ሞት፣ ከ9,000 በላይ ከባድ ጉዳት፣ ከ32,000 በላይ የመሣሪያ ብልሽት ነበሩ። ይህ በስንት ሚሊዮን አጠቃቀም ውስጥ እንደ ሆነ ሳይታወቅ የአደጋ መጠን ሊሰላበት አይገባም፤ ሪፖርት መደረጉም መሣሪያው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ከዚህ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ሌላ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስቴፕለሩ ዝቅተኛ ስጋት ካላቸው መሣሪያዎች ተርታ የተመደበ ነበር፤ ብዙ የብልሽት ሪፖርቶችም ሕዝብ በማያየው የማጠቃለያ መንገድ ይቀርቡ ነበር። በ2021 ምድቡ ከፍ ተደርጎ አምራቾች የአፈጻጸም ፍተሻ እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ሕግ አውጪውም ሽቦ ማጠፊያ ብሎ ያየው ነበር ማለት ነው።

ከእጅ ስፌት ጋር ሲነጻጸርስ? የኮክሬን ግምገማ በትንሹና በትልቁ አንጀት መካከል በሚደረግ ቅጥያ ላይ የተሠሩ ሙከራዎችን ሰብስቦ፣ በስቴፕለር ከተሰፉት 441 ሰዎች 11፣ በእጅ ከተሰፉት 684 ሰዎች 42 ላይ ስፌቱ እንደ ፈሰሰ አግኝቷል። ይህ ለስቴፕለሩ ትልቅ ምስክር ነው። ነገር ግን በ2015 በአውሮፓ ከ3,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ የኦዲት ጥናት ሌሎች ምክንያቶች ከተስተካከሉ በኋላ በስቴፕለር የተሰፋው የበለጠ እንደሚፈስ አሳየ። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ ሙከራ ውስጥ የሚገባው ሕመምተኛ የተመረጠ ነው፤ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚመጣው ግን ያበጠ፣ የተጎሳቆለ፣ ወይም የሳሳ አንጀት ይዞ ይመጣል። በእጁ የሚሰፋ ሐኪም በእያንዳንዱ ክር ላይ አጠባበቁን ሳያስበው ይለዋውጣል። ስቴፕለሩ አይለዋውጥም። ይህ ትርጓሜ ገና መፈተሽ ያለበት መሆኑን አልደብቅም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ይህ ልዩነት ይሰፋል። በእኛ ሆስፒታሎች ትልቁን አንጀት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያደርሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በተለምዶ የአንጀት መታጠፍ የምንለው፣ የሲግሞይድ አንጀት መጠምዘዝ ነው። ሰውየው ከገጠር ቀናት አሳልፎ ሊመጣ ይችላል። አንጀቱ በአየር ተነፍቶ ስስ የሆነበት አለ፤ በተደጋጋሚ መጠምዘዝ ጡንቻው የወፈረበት አለ፤ ደም አጥሮት አብጦ ውሃ የቋጠረበት አለ። በአንዱ ሕመምተኛ ላይ ሦስቱም በጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ሊገኙ ይችላሉ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚለው አከፋፈል የተሠራው ይህን ሥጋ ለክቶ አይደለም። በታቀደ ቀጠሮ፣ በተዘጋጀ አንጀት ላይ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚመች ክፍተት ለዚህ ሰው ይመቻል ብዬ በድፍረት መናገር አልችልም፤ ከእናንተ መካከልም ይህን ሊናገር የሚችል ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ አገር ውስጥ ይሠራ የተባለው ርካሽ ስቴፕለር የትኛውን ከፍታ ይዞ ይሠራ? ንድፉ ቢገለበጥ ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል። ከሌላ ሰው ሥጋ የተለካውን ቁጥር በርካሽ ብረት ላይ ማተም ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ከመጨረሻው ጫፍ ይጀምራል ያልኩት። የመጀመሪያው ጫፍ መለካት ነው፤ መለካት ደግሞ የምንችለው ነገር ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ በወርክሾፓችን ሊሠራ የሚችል ነው። ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ክብ እግር፣ በላዩ ክብደት፣ ከጎኑ የመቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ መለኪያ ሰዓት። የእግሩ ስፋት 78.5 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ 8 ግራም በካሬ ሚሊሜትር ለማግኘት የእግሩንና የዘንጉን ክብደት ጨምሮ 628 ግራም ይበቃል። የእግሩ ጠርዝ ሞልሞል ማለት አለበት፤ ስለታም ከሆነ ጠርዙ ሥጋውን እየቆረጠ ንባቡን ያዛባል። ውፍረቱ በ1፣ በ5፣ በ15 እና በ60 ሰከንድ ይነበባል። አንድ ቁጥር ብቻ ብትወስዱ ከላይ ስለ ውሃው የነገርኳችሁ ሁሉ ይጠፋል።

ናሙናው በሕክምና ምክንያት ተቆርጦ የወጣ፣ ወደ ፓቶሎጂ የሚሄድ አንጀት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የሕመምተኛው ስምምነት ሳይገኝ እጅ አይነካውም። ለፓቶሎጂ ሐኪሙ የሚያስፈልጉት ጠርዞች መበላሸት የለባቸውም፤ ስለዚህ የመለኪያው ቦታ ከእርሱ ጋር በቅድሚያ ይወሰናል። ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት መለካት አለበት፤ ፎርማሊን ሥጋውን ያጠነክረዋል፣ ያኮማትረዋልም። እስከሚለካ ድረስ በጨው ውሃ በራሰ ጋዝ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ከአካል የወጣበትና የተለካበት ሰዓትም ይመዘገባል። ከውፍረቱ ጋር የሕመሙ ዓይነት፣ ሕመምተኛው ከታመመ ስንት ቀን እንደሆነው፣ አንጀቱ አብጦ ወይም ተነፍቶ እንደ ነበር በሐኪሙ ቃል ይጻፋል፤ የሕመምተኛው ስም አይጻፍም።

የተቆረጠ አንጀት ደም ስለማይዘዋወርበት በሕይወት ካለው ሊለይ እንደሚችል አውቃለሁ። ከሐኪሞቹ መካከል ይህን ጥያቄ ልታነሱ ያሰባችሁ ካላችሁ ከዚያው እንጀምር።